ኮቴ የሌላት መኪና

መሳቅ ከፈለጋችሁ አዲስ መኪና የተሰጠው ሾፌር እዩ። ያን ሰሞን እኔን ብታዩኝ ሆዳችሁን ይዛችሁ ትስቁ ነበር። ጠዋት ጣቢያ እንደገባሁ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ መስታወቷን በመሀረቤ እወለውላለሁ። ሰው ጭቃ በያዘ ጫማ ሲገባ ደሜ ይፈላል። ባልደረቦቼ «አስቴር፣ ጫማችንን አውልቀን እንግባ ወይ?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ክልሉ ለፖሊስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሲገዛ አንዷ ለእኔ ደርሳኝ ነው ይህ ሁሉ።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሐረር ተወልጄ ያደግሁ ፖሊስ ነኝ፤ ቤታችን ከጀጎል ግንብ ውጭ ነው። የአያቴ አባት በወታደርነት መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ እኛም የሐረርን ውሃ ጠጥተን አደግን። አማርኛው የእናቴ ነው፤ ኦሮምኛውን ከጎረቤት፣ ሐረሪውን ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ለቃቅሜያለሁ። ሥራዬ መንዳት ብቻ ነው። ሰው አልይዝም፣ ቃል አልቀበልም፤ ይጭኑልኛል፣ አደርሳለሁ። ማንን እንዳደረስኩ ማታ ቤቴ ስገባ አላስታውስም ነበር። እንዲያውም በዚህ እኮራ ነበር፤ ሥራውን ቤቱ ይዞ የሚገባ ሰው ቶሎ ያረጃል እል ነበር።

ከአዲሷ በፊት ለዓመታት የነዳሁት አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ነው። የጀጎል ሰው «ጎርናናው» ይለዋል። ከፈረስ መጋላ ወደ ታች ስንታጠፍ ድምፁ ያልደረሰው ቤት አልነበረም። ሌባም ይሰማዋል፤ አለቆቻችንን የሚያናድዳቸው ይሄ ነበር። ነገር ግን ያ ጩኸት በየትኛውም ደንብ ያልተጻፈ አንድ ጥቅም ነበረው።

ጀጎል ውስጥ ሰው ከእናቱ ቤት አይጎተትም። አንድ ልጅ ካጠፋ ሽማግሌዎች ቤቱ ገብተው አብረውት ይቀመጣሉ፤ ይገስጹታል፣ ያረጋጉታል። ከዚያ ጎርናናው እነሱ ኡጋ በሚሉት በግንብ መሀል ባለው ጠባብ መንገድ ብቅ ብሎ ሲያጓራ፣ ሽማግሌው «በል፣ ተነስ» ይሉታል። ልጁ የእናቱን ዱዓ ተቀብሎ፣ ሽማግሌው እጁን ይዘውት በእግሩ ይወጣል። እኛም በር ላይ እንቀበለዋለን። እናቱ ፊት ካቴና አይወጣም። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ እየነዳሁ የለመድኩት ነው። አንዳንዴ ቶሎ የደረስን ሲመስለኝ ጊዜ እንዲያገኙ ብዬ ሆን ብዬ ነዳጅ እየረገጥኩ አስጮኸው ነበር።

በኋላ ነዳጅ ጠፋ። ሌባ ሲሮጥ እኛ ማደያ ተሰልፈን የምንውልበት ቀን በዛ። ስለዚህ የኤሌክትሪኮቹ ሲመጡ እልል ካሉት አንዷ ነበርኩ። የሐረር ሰው ግን አፉ መች ያርፋል፤ «አቦ፣ መብራት የጠፋ ቀን ሌባውን በኩራዝ ልትፈልጉት ነው?» ይለናል። እውነትም ድምፅ የሚባል ነገር አልነበራትም። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ያሉት ልብስ ሰፊዎች የሚሰፉበት ማሽን ከእሷ ይልቅ ይጮሃል። እኔ ግን ወደድኩት፤ ጆሮዬ አረፈ። ሌላ ነገር አልታሰበኝም።

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያው ሳምንት ጊደር መጋላ እህል ተራ ሁለት ወጣቶች ተጣልተው ነበር። ራምዚና ናስር ይባላሉ፤ ጎን ለጎን እህል የሚሸጡ፣ ምሳ ከአንድ ሳህን የሚበሉ ጓደኛሞች ናቸው። ጠቡ በቀልድ ተጀመረ። ናስር ሰው ፊት በራምዚ እጮኛ ቀለደ፤ ራምዚ የሚዛኑን ብረት አንስቶ ወረወረ። ብረቱ ናስርን ግንባሩ ላይ አገኘው። ናስር ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ፤ ራምዚ ተሰወረ። የናስር ወንድሞች ደግሞ ከተማውን ሲያስሱ ሰነበቱ።

ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ ኢብራሂም ጣቢያ ደወሉ። የሰፈሩ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ቃላቸው ከተሰማ ነገር አለቀ ማለት ነው። «ልጁ እናቱ ቤት ነው፤ እኔ ዘንድ አማና ነው፤ አደራ ነው» አሉ። «ከሰዓት፣ የአስር ሶላት ሲያበቃ ኑ። መኪናችሁን ስንሰማ ይዤው እወጣለሁ።»

ስልኩን ያነሳው ኢንስፔክተር ደሳለኝ ነበር። በቅርቡ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ቀና፣ ሕግ አዋቂ፣ ጀጎልን ግን ገና ያልተዋወቀ ሰው ነው። ሐጂ ያሉትን ቃል በቃል ነገረኝ። «መኪናችሁን ስንሰማ» ያሉትንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገረኝ። እሱም ተናገረ፣ እኔም ሰማሁ፤ ሁለታችንም አላስተዋልንም።

በተባለው ሰዓት ሄድን። ኢንስፔክተሩ ከጎኔ፣ አንድ ባልደረባችን ከኋላ ነበሩ። ከቤቱ በር ላይ ቆምኩ፤ ጠበቅን። ማንም አልወጣም። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ከግቢው ውስጥ የውሃ መፍሰስ ብቻ ይሰማል። ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን አየ።

«የታሉ?» አለ።

«ይወጣሉ፤ ትንሽ እንታገስ» አልኩት።

ታገስን። እነሱም ውስጥ ሆነው እየታገሱ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ሐጂ «የአስቴር መኪና ዛሬ ዘገየ» እያሉ ነበር። እኛ ውጭ «ለምን አይወጡም?» እነሱ ውስጥ «ለምን አይመጡም?»፤ በመካከላችን አንድ የእንጨት በር ብቻ ነበር።

«ሊያስመልጡት ነው» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ወርዶም በሩን ገፋው።

ራምዚ ግቢው መሀል ገና ላልሰገደው የአስር ሶላት ውዱእ እያደረገ፣ አንድ እግሩን እየታጠበ ነበር። ቀና ሲል የፖሊስ ልብስ አየ። ከዚያ ሐጂን አየ። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ ያን አስተያየቱን አየሁት፤ አባቱ የከዳው ሰው ነው እንዲያ የሚያየው። ማሰሮው ወደቀ። በባዶ እግሩ ደረጃውን ሮጦ ጣራው ላይ ወጣ።

የጀጎል ቤት ጣራ ጠፍጣፋ ነው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ መሻገር ይቻላል። የእሱ እናት ቤት ግን የመጨረሻው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገዱ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ጫፉ የፈራረሰ አሮጌ ግንብ። ራምዚ የጣራው ጠርዝ ላይ ቆሞ ወደዚያ ግንብ አየ።

«ከወጣችሁ እዘላለሁ!» ብሎ ጮኸ። «ሐጂ፣ ወላሂ ሸጡኝ! መኪናቸው እስኪሰማ ድረስ ማንም አይነካህም ብለውኝ ሸጡኝ!»

«አልሸጥኩህም፣ ልጄ!» አሉ ሐጂ።

«ታዲያ መኪናቸው የታለ? ሰማችሁ? ማን ሰማ? ከመጀመሪያው እዚህ ደብቃችኋቸው ነበር!»

እናቱ ደረቷን ይዛ ደረጃው ሥር ተቀመጠች። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። ከዘለለ ያ ግንብ እንደማይሸከመው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቢሸከመው ደግሞ የባሰ ነው፤ ወሬው ጊደር መጋላ ደርሶ የናስር ወንድሞች ከታች በኩል እየሮጡ መጥተው መንገዱን ሞልተውታል። ታላቃቸው ኢድሪስ ቀና ብሎ እያየው ነበር፤ ምንም አይናገርም። የሚጮህ ሰው ይሻላል፤ ዝም ያለ ሰው ያስፈራል።

ኢንስፔክተሩ ባልደረባችንን «ውጣ፣ ያዘው» አለው። ሐጂ ደረጃው ላይ ተቀመጡበት። ሽማግሌ ሰው ረግጦ የሚያልፍ ከየት ይምጣ!

ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺን አውቅሻለሁ፤ የሰፈራችንን ወግ ታውቂያለሽ። ምነው እንደ ሌባ መጣሽብን? ይህ ልጅ ዛሬ ቢሞት የእኔ ቃል ነው የገደለው።»

ያኔ ነው የገባኝ። ጎርናናውን ትቼ ስመጣ፣ ሐጂ ቃላቸውን ያሰሩበትንም ነገር ትቼ መምጣቴን አላሰብኩትም ነበር።

«ራምዚ!» አልኩት ወደ ላይ። «የሸጠህ የለም። መኪናዋ ናት። ድምፅ የላትም።»

«ድምፅ የሌለው መኪና! ሕፃን ነኝ እንዴ?»

«የኤሌክትሪክ ናት። አልሰማህም ወሬውን?»

«ብትሆንስ! እንዲህ ባለ ድንጋይ መንገድ ላይ መኪና መጥቶ አልሰማም? ወላሂ አላምንሽም።»

እሱ አይቷት አያውቅም፤ መኪናዋ ስትመጣ እሱ በመሸሸግ ላይ ነበር። ወሬ ደግሞ ወሬ ነው። ምን እንዳናገረኝ አላውቅም፤ «እሺ አትመነኝ። ጆሮህን እመን» አልኩት። «አሁን ወደ ኋላ እሄዳለሁ፤ እስከ መንገዱ አፍ። አንተ ፊትህን ማዶ ወደሚታየው የሐኪም ጋራ አዙር። ተመልሼ እመጣለሁ። ስመጣ ከሰማኸኝ ሐጂ ዋሽተዋል፤ የፈለግከውን አድርግ። ካልሰማኸኝ ግን አልዋሹም፤ በደረጃው ትወርዳለህ።»

ኢንስፔክተሩ ክንዴን ያዘኝ። «ሳጅን፣ ከተጠርጣሪ ጋር ድብብቆሽ ልትጫወቺ ነው? ቢሰማሽስ?»

ሐጂ ናቸው የመለሱለት፤ «ልጄ፣ አንተ የተሻለ ነገር ካለህ አምጣ፤ ከሌለህ ለእህትህ መንገድ ልቀቅላት።» ኢንስፔክተሩ ክንዴን ለቀቀኝ።

ራምዚ ቀስ ብሎ ጀርባውን ሰጠን።

መኪናዋ ወደ ኋላ ስትሄድ ቀጭን ጲጵ ጲጵ ትላለች። እየራቅሁ እንደሄድኩ በዚያ ሰምቷል። መንገዱ አፍ ላይ ስደርስ ጲጵታው ቆመ። እመቤቴ ማርያምን ጠራኋት፤ ወደ ፊት ቀየርኩና እግሬን ከፍሬኑ ላይ አነሳሁ።

ሞተሩ አይሰማም፤ ጠጠሩስ? ጎማዬ ሥር የምትፈነጠር እያንዳንዷ ጠጠር ልቤን አብራ ታዘልለው ነበር። እንደሚድህ ሕፃን እያዘገምኩ ስሄድ ደግሞ የናስር ወንድሞች ፊቴ ተደቀኑ። መንገዱን ዘግተውታል። ጥሩምባ ብነፋ ልጁ ሞተ፤ ብጮህም ሞተ። መስኮቱን ዝቅ አደረግኩት። ኢድሪስ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«ወንድሜ ሆስፒታል ወድቆ አንቺ ለገዳዩ ትጨነቂያለሽ?» አለኝ። እሱም በሹክሹክታ ነው ያለው፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

«ወንድምህ አልሞተም» አልኩት። «ይሄኛው ግን አሁን ሊሞት ነው። ናስር ነቅቶ ጓደኛዬስ ቢልህ ምን ትለዋለህ?»

ዓይኔን አየኝ፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እንቅልፍ ካየ ቀናት ያለፉት ሰው ፊት ነው። ቀና አለ። ከዚያ የማልረሳውን ነገር አደረገ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደ ወንድሞቹ ዞረና፣ በሌላው እጁ ወደ ግንቡ ተጠጉ አላቸው። ሁሉም ጀርባቸውን ግንቡ ላይ ለጥፈው ቆሙ። አንዲት ሴት የያዘችውን ዶሮ ምንቃሩን በእጇ አፈነችው። በመካከላቸው አለፍኩ። ደም የተቃቡ ሰዎች አብረው ትንፋሻቸውን ሲይዙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከቤቱ በር ፊት፣ ልክ ከእሱ ሥር ቆምኩ። ራምዚ አሁንም ወደ ጋራው እያየ ነው። አንገቱን ዘንበል አድርጎ እየሰማ ነው።

«ገና አልመጣችም?» አለ።

ሐጂ እያለቀሱ ነበር። እናቱ ናት የመለሰችለት፤ «ዙር፣ ልጄ» አለችው።

ዞሮ ወደ ታች አየ። እኔም በመስኮቱ ቀና ብዬ አየሁት። ጣራው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «ሐጂ» አለ፤ «ሐጂ፣ አውፍ ይበሉኝ።»

በደረጃው ወረደ። ኢንስፔክተሩ እጁን ወደ ካቴናው ሰደደና መለሰው። ልጁ ያቋረጠውን ውዱእ ጨረሰ፣ ሰገደ፣ እናቱ ራሱን ይዛ ዱዓ አደረገችለት። ሐጂ እጁን ይዘውት ወጡ። የናስር ወንድሞች እንደቆሙ ነበሩ፤ ማንም አልነካውም።

ታሪኩ እዚህ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ለእኔ ግን የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ውስጧ ጸጥ ያለ ነው። በጎርናናው ቢሆን የምሰማው ሞተሩን ብቻ ነበር። አሁን ግን ልጁ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ምራቁን ሲውጥ ይሰማኛል። ፈረስ መጋላን ስናልፍ ማውራት ጀመረ፤ ለእኛ አልነበረም።

«ናስሮ» አለ በቀስታ። «ናስሮ፣ ተነስ አቦ። ተነስና ምታኝ። ወላሂ አልሸሽም፤ ተነስና በእሱ በብረቱ ምታኝ።»

ደጋግሞ ይህንኑ ይላል። መንገዱ በእንባዬ ውስጥ ታየኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው እያመላለስኩ፣ ከኋላዬ ምን ሲባል እንደኖረ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። አልከለከልኳቸውም፤ ጩኸቱ ነው የከለከለኝ። እኔም ጩኸቱን ዕረፍት ብዬ ነበር የኖርኩት።

ኢንስፔክተሩም ሰምቷል። ስልኩን አወጣ። ሆስፒታል ደወለ። «የተኛው ልጅ... አዎ፣ ናስር... እህ... መቼ?... እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለና ዘጋ። ቀኑን ሙሉ «ተጠርጣሪው» ሲል የዋለ ሰው ነው።

«ራምዚ» አለ፣ ዞር ሳይል። «ጓደኛህ ዛሬ ጠዋት ዐይኑን ገልጧል። ውሃ ስጡኝ ብሏል።»

ከኋላ የመጣውን ድምፅ በጽሑፍ ማስፈር አልችልበትም። ልቅሶም ነው፣ ሳቅም ነው፣ ምስጋናም ነው። ባልደረባችን ክንዱን ትከሻው ላይ ጣል ሲያደርግለት በመስታወቱ አየሁ።

ራምዚ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚገባውን ተቀጣ። ሽማግሌዎቹም ሁለቱን ቤተሰብ አስታረቁ። ናስር ግንባሩ ላይ ጠባሳ ቀርቶበታል፤ ሲቀልድ ግን አሁንም አያስቆሙትም። ኢንስፔክተር ደሳለኝ ዛሬ ጀጎል ከመግባታችን በፊት ለሐጂ ደውሎ «እየመጣን ነው» ሳይል አንንቀሳቀስም። መኪኖቹ ይጩኹ የሚል ሐሳብ በስብሰባ ተነስቶ እኔም ተጠይቄያለሁ። ለዓይነ ስውሩ፣ ለሕፃኑ፣ ለአህያው ሲባል ለውጭ ድምፅ ይደረግላት አልኩ። ውስጧን ግን እንዳትነኩብኝ አልኩ። ሳቁብኝ።

አንባቢዎቼ፣ እንዳትቀኑብኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ የምገባው ከብዶኝ ነው፤ ባሌ «ምን ሆንሽ?» ማለት ሰልችቶታል። ከኋላዬ የሚሳደብ አለ፣ የሚዋሽ አለ፤ አንድ ሰካራምማ እስከ ጣቢያ ድረስ አንኮራፍቶብኛል። ሁሉ የሚያሳዝን እንዳይመስላችሁ። ግን አሁን አንድም ቀን ሬዲዮ አልከፍትም። ሰው ከኋላችሁ ተቀምጦ የሚናገረውን መስማት ሥራችሁ ባይሆን እንኳ፣ ከእናንተ ሌላ የሚሰማው ላይኖር ይችላል።

በቅርቡ አንዲት ሴት ይዘን ስንመጣ ከኋላ የሆነ ነገር ስታጉተመትም ሰማሁ። መኪናዋን ጥግ አስይዤ ዞርኩ።

«ምን አልሽ፣ እህቴ?»

ደንግጣ አየችኝ። የሚሰማት ሰው ያለ አልመሰላትም ነበር።

«ልጄ ቤት ብቻዋን ተኝታ ነበር» አለችኝ። «ስትይዙኝ ደንግጬ ሳልናገር ቀረሁ። በሩን ቆልፌባት ነው የወጣሁት።»

መኪናዋን አዞርኩ።